ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ጭራ ያለው ኮትዎ ተተኩሶ ተሰቅሏል

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር ሺራቶሪ፣
ባሉበት፤

የጥድ ብናኝ መላ ከተማውን በሚያስነጥስበት በዚህ ሰሞን አፍንጫዎም፣ ዐይንዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ለረጅም ንግግር የተፈጠረ ጉሮሮዎ ደህና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። የባለቤትዎም ጤና እንደዚሁ። እኛ፣ ማለትም ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የትንሹ ላውንደሪ ቤተሰብ፣ ካውያችን ሙቅ፣ እንፋሎታችንም ሙሉ ነውና ስለ እኛ አያስቡ። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ስለ እኛ አስበው የሠሩት ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ እጅዎ የገባው ከቤት ቤት በሚዞረው የሰፈር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተያይዞ መሆኑ ሳያስገርምዎ አልቀረም። ዘንድሮ የመንደራችን ተረኛ እኔ ነኝ። የቆሻሻ መጣያ ቀን ሲቀየር፣ ቦይ ለመጥረግ ስንጠራራ፣ ሰው ሲሞት፣ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አያይዤ ለጎረቤት የማቀብለው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ቤትም አንብቦ ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። የእርስዎ ቤት ኮረብታው ላይ ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ የዙሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እርስዎ ይህን የሚያነቡት የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የወላጆች ማኅበር ሊቀ መንበሯና የቀረው ሰፈር ሁሉ ካነበበው በኋላ ነው። ማኅተማቸው ከታች አለልዎ። በግል ልጽፍልዎ እችል ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ የልጄን ነገር በአደባባይ ስለ ጨረሱት፣ እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረቡ ወግ መሰለኝ።

አንደኛ፦ በየማለዳው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ስላደረጉልን አቀባበል አመሰግናለሁ። ልጄን ሂናኮን እርስዎ ያውቋታል፤ ለማያውቋት ጎረቤቶች ግን ላስተዋውቃት። ሂናኮ ከሕፃንነቷ ጀምራ ትንተባተባለች። የምትለው ጠፍቷት አይደለም፤ ቃሉ ተሰናድቶ ጥርሷ ጋ ይደርስና እዚያ ይቀረቀራል። እስክታወጣው ድረስ ሰው ትንሽ መታገሥ አለበት፤ ከዚህ ሌላ ከማንም ምንም አትጠይቅም። እርስዎ ግን ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ፣ ሰላም ልትልዎ አፏን በከፈተች ቁጥር እንድትረጋጋና ትንፋሽ እንድትወስድ ይመክሯታል፤ ከዚያም ሰላምታዋን ራስዎ ጨርሰውላት ወደ ቀጣዩ ልጅ ይዞራሉ። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከተዛወሩ ወዲህ ልጄ ለርዕሰ መምህሯ አንድ ሙሉ «እንደምን አደሩ» ሳትል ተመርቃለች። ሰላም የማለትን ድካም ስላቀለሉላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከእርስዎ በር ወረድ ብሎ፣ ድልድዩ ጥግ፣ አቶ ታዳኖ ቢጫ ባንዲራቸውን ይዘው ልጆች ያሻግራሉ። ጀልባ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማንም ሳያዛቸው በዝናብም በበረዶም እዚያ ይቆማሉ። ሂናኮ ስትደርስ ባንዲራቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተው መኪናውን ሁሉ ያቆማሉ፤ ሰላምታዋን እስክትጨርስም አያነሱትም። ልጅቷ ከተያዘባት መኪናው ይሰለፋል። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጥሩምባ ነፋ፤ አቶ ታዳኖም ባንዲራውን እንደ ዘረጉ ዞር ብለው አዩት። ዛሬ ያ ሹፌር እዚያ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ይህን የማነሣው ለማወዳደር አይደለም ብል ውሸቴን ነው።

ሁለተኛ፦ ሂናኮ በሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንዙን ተሻግራ፣ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ወደሚገኘው የንግግር ክፍል እንድትሄድ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ሲፈቅዱም፣ ይህ ነገር ልጆች ሲያድጉ እንደሚለቃቸው፣ ሒሳብ ባያመልጣት ግን እንደሚሻል ማሳሰብዎን አልረሳሁም። እዚያ ያለችው የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ መምህርት ኢሶጋያ፣ ልጄን ከመንተባተብ አላዳነቻትም፤ አድናታለሁ ብላም ቃል አልገባችም። ያስተማረቻት ሌላ ነው። ቃሉን በጉልበት ከመግፋት ይልቅ መጀመሪያ ትንሽ ትንፋሽ ለቅቆ ቃሉን በዚያ ላይ ማሳፈርን አስተማረቻት፤ ሲያዝባትም ዐይኗን መሬት ላይ ሳትጥል የሚሰማትን ሰው እያየች መቆየትን። ፍርሃቱ እንዲለቃት ደግሞ ገበያ ይዛት ትወጣ ነበር። የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ መሸጫው ጋ መጀመሪያ መምህርቷ ራሷ፣ ያቺ ምላሷ እንደ ውሃ የሚፈስ ሴት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሆን ብላ እየተንተባተበች ቶፉ ጠየቀች። ሻጭዋ ዝም ብላ ጠብቃ ሰጠቻት። ቀጥሎ የሂናኮ ተራ ሆነ፤ ከዚያ እንደገና የመምህርቷ፤ ከዚያ እንደገና የሂናኮ። ያን ሰሞን ቤታችን ከቶፉ ሌላ አልተበላም። ልጄ ስለ መንተባተቧ እየሳቀች ስታወራ የሰማሁትም ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የታየው ለምረቃው ዝግጅት ሲጀመር ነው። ተመራቂዎች መድረክ ላይ ተሰልፈው አንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ሌላው አንድ፣ እየተቀባበሉ የስንብት ቃል ያሰማሉ። በዚህ ሰፈር ያደግን ሁላችንም አልፈንበታል፤ እያንዳንዳችንም የደረሰችንን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አንረሳትም። የክፍሏ መምህር ዓረፍተ ነገሮቹን ሲያከፋፍሉ ሂናኮ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። የፈለገችው «በየማለዳው መንገድ ላሻገራችሁን ሁሉ፣ እናመሰግናለን» የሚለውን ነው። ለማን ልትለው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኩሽና ውስጥ፣ ገላዋን ስትታጠብ፣ ሱቃችን ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉት የሰው ልብሶች መካከል እየተመላለሰች ተለማመደችው። አንዳንዴ ይያዝባታል፣ ቆይታ ታወጣዋለች፤ አንዳንዴ ሳይያዝ ያልፋል። መምህርት ኢሶጋያም የእሷ ድርሻ እዚህ ላይ እንደሚያበቃ፣ የቀረው የሰሚው ድርሻ እንደሆነ ነገረቻት።

ሦስተኛ፦ የሰሚውን ድርሻ እርስዎ ተረክበው ስላቃለሉልን አመሰግናለሁ። በልምምዱ ቀን ሂናኮ ዓረፍተ ነገሯ ላይ ስትደርስ ተያዘባት፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። እርስዎን የመሰለ ተናጋሪ ሰው ጸጥታ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው ይገባኛል። ስለዚህ በማግሥቱ ጭራ ያለውን ጥቁር ኮትዎን ለምረቃው እንድንተኩስልዎ ይዘው ሱቃችን መጡና፣ ሌሎች ደንበኞች ባሉበት ከወገብዎ ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው፣ ልብስዎንና ውሳኔዎን ባንኮኒው ላይ አብረው አስቀመጡ።

«ወይዘሮ ሚዞጉቺ፣ ልጅዎ እንዳትሸማቀቅ ብለን አንድ ነገር አስበናል» አሉኝ። «የእሷን ዓረፍተ ነገር ልጆቹ ሁሉ አብረዋት ይሉታል። ማን እንደ ተናገረ፣ ማን እንዳልተናገረ አይለይም።»

እኔም ዝቅ ብዬ ኮቱን ተቀበልኩ። ስድብ ቢሆን እመልሰው ነበር፤ ሰው ፊት ለልጅ የታሰበን ደግነት መመለስ ግን በእኛ አገር ነውር ነው፤ ይህንንም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መምህርት ኢሶጋያ ስትሰማ ወዲያው ደወለችልዎ። ሂናኮ የምትፈልገው ጥቂት ጊዜ እንጂ አጃቢ እንዳልሆነ አስረዳችዎት። እርስዎም በትሕትና አመስግነው «እናስብበታለን» አሏት። ይህ ቃል በአገራችን የጨዋ ሰው እምቢታ መሆኑን የማያውቅ ስለሌለ ሁለተኛ አልደወለችም።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ የእርስዎ ኮት ግን የተጨማደደ ቦታ አልነበረበትም፤ በዚህ እኮራለሁ። አቶ ታዳኖ ከክብር እንግዶች መካከል የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ክራቫት አስረው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው። ልጆቹ እየተቀባበሉ መጡ። የሂናኮ ተራ ሲደርስ መድረኩ ሙሉ ባንድ አፍ «በየማለዳው መንገድ ላሻገራችሁን ሁሉ» ብሎ ጮኸ። እናቶች መሐረብ አወጡ። በኅብረት ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ይህን መምህርት ኢሶጋያ ገና ከመጀመሪያው ነግራናለች። ስለዚህ ልጄ ብትፈልግ ኖሮ እንደ ሌሎቹ አቀላጥፋ ልትለው ትችል ነበር። አልፈለገችም። አፏን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ፣ እርስዎን እያየች ቆመች። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

ስንወጣ አቶ ታዳኖ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ጆሯቸው ደከም ብሏል ሲባል እሰማ ነበር።

«የሂናኮ እናት፣ ልጅቷን አሟታል እንዴ?» አሉኝ። «ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የእሷን አጣሁት።»

አራተኛ የሚለውን ቁጥር፣ የሆስፒታል ክፍሎች ላይ እንደሚደረገው፣ እዘለዋለሁ። ድምፁ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ ሞት ይጠራል ይባላል፤ እኔም እስከዚያ ድረስ አልመኝልዎም።

አምስተኛ፦ ከምረቃው በኋላ በትምህርት ቤቱ ዜና መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ስላወጡት ጽሑፍ አመሰግናለሁ። የመናገር ችግር የነበረባት አንዲት ተማሪ በጓደኞቿ ፍቅርና በትምህርት ቤቱ ሞቅ ያለ ክብካቤ ተደግፋ ዓረፍተ ነገሯን ያለ አንዳች እንቅፋት ስለ መናገሯ ጽፈዋል። ስሟን ባለመጥቀስዎ ያሳዩት ጥንቃቄ ያስደንቃል፤ ከተማው ሁሉ ግን ማን እንደሆነች ስላወቀ ሱቃችን እየመጣ «እንኳን ዳነችላችሁ» ይለን ጀመር። አንዲት ደንበኛማ የደስታ ኬክ ይዛ መጣች። የልጄን ቃል ካፏ ነጥቀው ዝም ካሰኟት በኋላ ያንኑ ዝምታዋን የእርስዎ ድል አድርገው ማሳተምዎ፣ ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ዐይንን በጨው ካልታጠቡ በቀር የማይሞከር ሥራ ነው፤ ባርኔጣዬን አንሥቻለሁ።

ስድስተኛውን ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ ነገር ነው። ሂናኮ የንግግር ክፍሉን ተወች። መምህርት ኢሶጋያ ልታያት ሰበብ ፈልጋ፣ ንጹሑን ቀሚሷን ይታጠብልኝ ብላ ሱቃችን መጣች፤ ልጄ ከተሰቀሉት ልብሶች ኋላ ተደብቃ አልወጣችም። መምህርቷ ሳትጨቀጭቃት ቀሚሱን አስረክባ ሄደች። ማታ እራት ላይ ጠየቅኳት።

«ለምን እለማመዳለሁ?» አለችኝ። «ሌሎቹ በእኔ ፋንታ አሳምረው ይሉታል። አዲሱ ትምህርት ቤት ስገባም ስሜን ሁሉም አብረው ይበሉልኝ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚወድ ለክፍሉ ይናገራል፤ ይህም ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ለአብዛኛው ልጅ አፍታ ነው። ለልጄ ግን ለዓመታት ወንዝ እየተሻገረች የተዘጋጀችበት ቀን ነበር። አሁን ያን ቀን አሞኛል ብላ ልትቀር አስባለች። ከዚያ በኋላ ያለውንም ቀን፣ ከዚያም በኋላ ያለውን። የተሠራብኝ ይህ ነው፤ ያልተመለሰልኝም ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ በትሕትና ልጽፈው አልችልም፤ የልጄን ቅስም ሰበሩ።

ይህን ሁሉ ባሰብኩ ቁጥር ዐይኔ አንድ ማንጠልጠያ ላይ ያርፋል። ለካ እርስዎ ኮትዎን ከምረቃው ግብዣ በኋላ መልሰው አምጥተውልን ኖሯል፤ እጅጌው ላይ ሳኬ፣ ያ የሩዝ መጠጥ፣ ፈሶበት፣ ለአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ሥነ ሥርዓት እንዲደርስ። መቼም ክቡርነትዎ ያለዚያ ኮት መድረክ እንደማይወጡ የታወቀ ነው። ያሰብኩትን ሁሉ አልደብቅዎትም። ካውያውን ጀርባው ላይ አስቀምጬ ስልክ ለማንሣት ልሄድ አሰብኩ፤ ለእንግዶች ዝቅ ብለው እጅ ሲነሡ የካውያ ቅርጽ ከኋላ እንዲታይ። ጭራውን አሳጥሬ ልሰፋው አሰብኩ። ሱሪው ላይ ለማድረግ ያሰብኩትን ባለቤቴ ሲሰማ ካውያውን ከእጄ ወስዶ ደበቀብኝ። በመጨረሻ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ኮቱ ምን አደረገ? እድፉን አስለቅቄ፣ ሱፉን በእንፋሎት አንሥቼ፣ አዲስ የተሰፋ አስመስዬ ሰቀልኩት። ከዚያ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ትናንት ሂናኮ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ እስከዚህ ድረስ አነበበችው። ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል አሰፍራለሁ፤ ተናግራ ለመጨረስ የወሰደባትን ጊዜ ግን አልጽፍም፤ እሱ የእሷ ነው።

«እማ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ትጽፊያለሽ፤ እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ያነቡታል። እኔን ቆመው ይስሙኝ።»

ስለዚህ፣ ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ኮትዎ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ሲመችዎ ከሰዓት በኋላ ይምጡ። ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ላይ የምትቆመው ልጄ ናት። በሱቃችን ልማድ መሠረት ስምዎን ጠርታ ሰላም ትልዎታለች፤ ልብስዎን ትለያለች፤ የቱ እድፍ እንደ ለቀቀና የቱ እንዳልለቀቀ ታስረዳዎታለች፤ ኪስዎን እንዲፈትሹ ትለምንዎታለች። ይህ ለአንደበተ ርቱዕ ሰው እንኳ ረዘም ያለ ንግግር ነው። በዚያ ላይ ካፏ የነጠቁባት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱንም ለብቻዋ፣ አፏን ሞልታ፣ ትልዎታለች። ኮቱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንድትረጋጋ አይምከሯት። ትንፋሽ ውሰጂ አይበሏት፤ ትንፋሽ አላት። ከሁሉ በላይ ቃሏን አይጨርሱላት፤ ከጨረሱላት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ተነጋግረንበታል። ባለቤትዎን ወይም ጸሐፊዎን ለመላክ ያሰቡ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ክቡር ልብስ ከባለቤቱ በቀር ለማንም እንደማናስረክብ በትሕትና አስታውቃለሁ። የሥነ ሥርዓቱ ቀን ስለተቃረበ ቢፈጥኑ ይሻላል፤ ቸኩለው ግን አይምጡ።

ሥራዎ ይቃናልዎ፣ ጉሮሮዎ ይረፍልዎ፣ ጆሮዎም በዚህ ዕድሜው ሥራ ይልመድ ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ግንባሬ ባንኮኒውን እስኪነካ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የዘንድሮው የመንደሩ ተረኛ፣ የኮትዎ አጣቢና ተኳሽ፣
የሂናኮ እናት ሚዞጉቺ ሳዋኮ

በኋላ የጨመርኩት፦ ሰሌዳው አቶ ታዳኖ ቤት በደረሰ ጊዜ ማኅተማቸውን ካሳረፉ በኋላ ሰሌዳውን ይዘው ወደ ሱቃችን ብቅ ብለው ነበር። እርስዎ የሚመጡበትን ቀን ብነግራቸው እንደሚመጡና ሂናኮ ስትናገር ከጎንዎ እንደሚቆሙ ቃል ገብተውልኛል። ቢጫውን ባንዲራ በሩ ላይ ይዘረጉታል፤ እስክትጨርስ ድረስም አያነሱትም። እርስዎ ግን ጥሩምባ ይዘው አይምጡ።